የነጣ

በየስድስት ቀኑ መሰላሌን ይዤ፣
የቀኝ እጅ ጓንቴን በጥርሴ መዝዤ፣
ከትምህርት ቤቱ ጣራ፣ ከሣጥኑ ደጃፍ
እቆማለሁ ላነብ የሐሚልተንን መጽሐፍ፦
አንዲት ገጽ ብቻ ናት፣ ክብ የማጣሪያ ወረቀት፣
ነጭ ሆና ገብታ፣ ከተማው ቀን ከሌት የተነፈሰባት።
በወረንጦ አንስቼ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣
ቀን እጽፍባታለሁ፣ የሐይቁን ነፋስ በጀርባዬ መክቼ።
ሥራዬ ይኸው ነው፦ ትንፋሽ መመዘን፣ በግራም ሽራፊ፤
ደመወዙም ደህና፣ ለላጤ ተራፊ።

ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ቧንቧ ሥር፣
ከኔ በፊት የነበሩት የተዉት መሳቢያ አለ፣ ድርድር።
የታችኛው እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ፤
የመካከሉ፣ ሻይ ተደፍቶበት የደረቀ የሚመስል፤
እያልክ እያልክ ወደ ላይ፣ እየፈዘዘ፣ እየሳሳ፣
ዘንድሮ ላይ ትደርሳለህ፣ ጣትህ ጥላሸት ሳያነሳ።

ታዲያ ከጥቁሮቹ መሃል
አንድ ጥቅል አገኘሁ፣ በላስቲክ የታሰረ፤
የአራት ወር ወረቀት፣ ነጭ እንደሆነ የቀረ።
መሣሪያው ታሞ ይሆን? ወይስ የዚያን ጊዜው ሰውዬ
ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው ቀን የጻፈው? ብዬ
ከመንገዱ ማዶ ወይዘሮ ዝላታን ጠየቅኋቸው።
ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ዛሬም ገመድ ላይ አንሶላ ያሰጣሉ።

መቆንጠጫውን ከጥርሳቸው ሳያወጡ ሳቁ።
«ያማ አድማው ነው» አሉኝ። «ምድጃው ጠፍቶ፣ በሩ ተቆልፎ፣
ስቲፓን ከሰልፈኛው ጋር ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ አጥፎ።
ያን ጊዜ ሰማዩ ነጣ፤ አንሶላዬም ነጣ፤
ከዚያኛው ጭስ ማውጫ ጭስ ሲጠፋ፣ ከኛም ቤት አልወጣ።
ድንች ነበር። ከዚያ የድንች ልጣጭ ነበር።
ከዚያ ድሃ ሆንን።»

እሳቸው በሁለት ቃል ነው ያወሩኝ፣ ነጭ ሌላ፣ ድሃ ሌላ።
እኔ ባንድ ቃል ሰማኋቸው።
በኔ ቋንቋ ሰማይም ይነጣል፤
የነጣ ድሃም አለ።

ኋላ ምድጃዎቹ፣ ማንም አድማ ሳይመታ፣ በፊርማ በየተራ ጠፉ፤
ስቲፓንም ሳሉን ይዞ ሄደ፤ ጫማዎቹ ከደጅ ተረፉ።
አሁን ከገደሉ ጫፍ፣ እዚህ ሰዎች «ተራራው» ከሚሉት፣
የሐይቁ ማዶ ፎቆች ይታያሉ፣ በጠራ ቀን ላያቸው ለወጡት።
ልጆች በሩጫ ይቀዳደማሉ፣ የደረት ፉጨት ሳይሰማ።
ኪራይ ደግሞ፣ በጭሱ ፈንታ፣ ሽቅብ ወጣ።

«ጥላሸቱን አልናፍቅም» ይላሉ፣ «ሞኝ መሰልኩህ?
በሳምንት ሦስቴ መጋረጃ ሳጥብ ነው ያረጀሁት።
የሚናፍቀኝ የጧቱ ዳና ነው፣
ሺህ ቦቲ ጫማ ባንዴ ወደ ወደቡ ሲወርድ።»

ባለፈው ሰኔ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
እርጥቡን አንሶላ ሲሰበስቡ አየሁ ከገመድ።
ሰማይ ላይ አንዳች የለም። መሣሪያዬም ዝም።
እሳቸው ግን ወደ ሰሜን አሸተቱ፤ አፍንጫ ጡረታ አይወጣም።

ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ የዛገ ሳንቲም ሆነች፤
የሩቅ ደን ነበር የሚነደው። የሜዳው በር ተዘጋ፤
ልጆቹ በመስታወት ውስጥ ቆመው ቢጫውን ቀን አዩ።
ወረቀቴን ሳወጣት ቡኒ ነበረች፣
ከመካከለኛው መሳቢያ አምልጣ የመጣች የመሰለች።

«ይኼስ የማን ምድጃ ነው?» አሉኝ ከበረንዳቸው።
«ማን ደመወዝ በላበት? የቱ ቤት ዳቦ ገዛበት?»
መዝኜ ነበር። ቁጥሩን ነገርኳቸው።
ሌላ መልስ አልነበረኝም።

በዓመት ተራ ከሆነ ቦታዋ ከላይ ነው፣ ከነጮቹ ጎን፤
አስገባኋት።
ስመለስ የወይዘሮ ዝላታ በር ገርበብ ብሏል፤
ኮሪደሩ ውስጥ፣ በሁለት ወንበር መሃል፣
አንሶላው ተወጥሮ
ይንጠባጠባል።