የደላላ ልጅ

አባቴ ደላላ ነው፤ የካዛንቺስ ሰው፤
ከመናኸሪያው ጥግ ጋሽ ዳምጠው ሲባል የማያውቀው ማነው?
ደብተሩ ከደረት ኪሱ፣ እስኪርቢቶው ከጆሮው፣
“ቪላ አለኝ፣ ሰርቪስ አለኝ” ሲል ያለቀ ኑሮው።
ከሻጭ ሁለት በመቶ፣ ከገዢ ሁለት በመቶ፤
ጫማው አልቆ ያውቃል እንጂ ፊቱ አያውቅም ፈዝቶ።
ደብተሩ ላይ ካሉት ቤቶች ግማሾቹ ፈርሰዋል፤
እሱ ግን አልሰረዛቸውም፤ “ቁጥራቸው ይታወቃል” ይላል።

እኔም ደላላ ነኝ።
ብቻ ገዢዬን አላየሁት፣ ሻጬም አያውቀኝ።
ዕቃውን ነክቼ አላውቅም፣ በዋጋው አልተከራከርኩም፣
ቀብድ አስቆጥሬ፣ ምስክር ጠርቼ፣ ማኪያቶ አልጋበዝኩም።

ሌሊት ነው ሥራዬ፣ ፓኬጁ ሲረክስ፣
የሰፈሩ ውሻ ደክሞት ጩኸቱ ሲቀንስ፣
ክሬኑ ብቻ ከላይ ቀይ ዓይኑን ሲጨፍን ሲገልጥ፣
ባሕር ማዶ ገና ላልመሸበት ሰው
ስለ በረዶ አካፋ እጽፋለሁ።

እጄ ይዞት የማያውቅ አካፋ!
“እጀታው ቀላል ነው፤ ወገብ አይጎዳም” ብዬ
አምስት ኮከብ ሰጠሁት፤ ይቅር በለኝ ጌታዬ።
እኔ የማውቀው በረዶ የሐምሌው ነው፣
ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ሰድቦን፣ በአሸንዳ የሚወርድ፣
ሻይ ሳይፈላ ቀልጦ በቦይ የሚሄድ።
የነሱ በረዶ ግን ድምፅ የለውም አሉ፤
በር ላይ ይተኛል፣ እንደ ውዝፍ ኪራይ
በአካፋ ካልዛቁት ይቆለላል አሉ።

ከጽሑፉ ሥር ሊንኬን አኖራለሁ፤
ነካ አድርጎ ከገዛ አራት በመቶ እበላለሁ።
ከጎኑ ማስታወቂያ አለ፦ የጥርስ፣ የብድር፣ የአልጋ፤
እሱ ሳንቲም ነው፤ ዓይን ያረፈበት ዋጋ።
መቶ ዶላር ካልሞላ አይከፈልም ይላል ደንቡ፤
ዘጠና ሰባት ላይ ቆምኩ፣ እንደ ድመት ከግንቡ።
እነሱ ዘንድ በጋ ገባ፤
አካፋ ፈላጊ ጠፋ።

“ምን ጎደለህ?” አለኝ አባቴ።
“ሰው” አልኩት፤ “ገብቶ የሚነካ ሰው።”
ሳቀ። “የዳምጠው ልጅ ቸገረው? ሰው?”

በማግስቱ በርጩማው ላይ ቆሞ
ስልክ ያለውን ሁሉ ሰበሰበ፣ ለምኖ፣ ገሥጾ፣ ስሞ፤
ጁስ ፈጪዋ ዘምዘም፣ ተራ አስከባሪው በድር፣
ጡረተኛው መቶ አለቃ አንዳርጌ ሳይቀር።
“እዚች ላይ ንኩልኝ፤ የልጄ ናት፤ ምንም አትከፍሉም፤
ደገም! ደገም! ጣት አይሰለችም።”

ማታ ስከፍተው መቶ አሥራ አንድ! ተንቀጠቀጥኩ።
“ሁለት በመቶዬስ?” አለኝ አባቴ፤ ሳቅኩ።

ጠዋት ደብዳቤ መጣ፤ ሂሳብህ ተዘግቷል፤
ካንድ ሰፈር፣ ባንድ ቀን፣ የሐሰት ንክኪ ታይቷል።
ፈራሚ የለውም። የሚያንኳኩት በር የለውም።

እንዴት ይነገራል፣ ሰው ማምጣት ጥፋት ነው ብሎ፣ ለደላላ?
ነገርኩት። እስኪርቢቶውን ከጆሮው አወረደ።
“ሐሰት?” አለ። “ዘምዘም ሐሰት ናት? በድር ሐሰት ነው?
እኔ ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤
ያንተን አካፋ ገዢ ግን ማን አየው?”

ዝም ተባባልን።
ከዚያ ደብተሩን ገልብጦ ከኋላ ከፈተው፤
በቀይ የተጻፈ ስም፣ ገጹን የሞላው፦
ከጀርባው ተስማምተው ኮሚሽኑን የበሉ፣
ፊርማው ሳይደርቅ “አናውቅህም” ያሉ፤
አርባ ሦስት ናቸው። አንዱን ክርስትና አንሥቶታል።
“ያንተን ጻፍ” አለኝ።
ስሙን አላውቅ። አርባ አራት ብዬ
ተራ ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩ፣ ፊቱን ባዶ ትቼ።

ውጭ በረዶ ጣለ፤ ቆርቆሮው ተንጓጓ።
ድምፁን ከፍ አድርጎ፦
“ለመሆኑ ስንት አካፋ ሸጥክ?”
“አሥራ አራት።”
“አሥራ አራት በር!” አለ አባቴ፣
ቤት ሲያከራይ የኖረው፣ በጣቱ እየቆጠረ፣
“አሥራ አራት ሰው በጠዋት ከቤቱ ወጥቷላ።”