ከዘጠኝ እስከ አስር

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ በፕላስቲክ ወንበር፣
ለገሃር መስቀለኛ፣ ከባቡር ጣቢያው በር።
ሥራዬ መቁጠር ነው፤ በቀን ሦስት መቶ ብር፤
እርሳስ፣ ሰሌዳና ባለ ዓምድ ወረቀት፣
አራት ጭረት አቁሞ ባምስተኛው መምታት።

ኢንጂነር አብነት ነው እዚያ ያስቀመጠኝ፤
ፖላንድ ተምሮ መጥቶ እንዲህ ያጫወተኝ፦
«እኔ በኖርኩበት ከተማ ትራሙ ገና ከሩቅ
‹መጣሁ› ይለዋል ለመብራቱ፤ መብራቱም ያውቃል መጠበቅ።
የኛም ብልህ ይሆናል፤ ብቻ አስቀድሞ ይማር፤
አንተ ዛሬ የጻፍከውን ነው ነገ የሚናገር።»

ቆጠርኩለት።
ሚኒባስ፣ ሚኒባስ፣ ላዳ፣ አንበሳ አውቶቡስ፣
ረዳቱ ከበሩ ተንጠልጥሎ «ስታዲየም ካዛንቺስ!»፣
እንደገና ሚኒባስ።
ማታ ዐይኔን ስከድን ጣራው ላይ ሚኒባስ ያልፋል፤
ጣቴ በብርድ ልብሱ ላይ ጭረት ይጭራል።

ዓምድ ያልተሰመረለት ስንቱ አለፈ መሰላችሁ፦
ፍሪጅ አዝሎ የሚሮጥ ወዛደር፣
ቀይ ሲበራ ከመሬት የሚበቅል፣ አረንጓዴ ሲበራ የሚሰወር
የሶፍት ልጅ፣
የሙሽራ መኪና (አንድ ነው ወይስ ሁለት?)፣
ለዘመን መለወጫ የሚነዱ በጎች፣ ግማሹ በዜብራ፣ ግማሹ በፈቀደው።
«እነዚህንስ የት ልጻፍ?» አልኩት በስልክ።
«‹ሌሎች› የሚል ዓምድ አለ፤ እዚያ አርግና ላክ።»

ሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል፣
የነሐሴ ሰማይ ጋኑን ገለበጠ፤
ሰሌዳዬ ራሰ፣ ጭረቱ ሟሟ፣ ወንበሬ ሰመጠ።
ሮጥኩ። ከፋርማሲው ታዛ፣ ከሃያ ሰው መሃል፣
ሻይ ይዤ ቆየሁ፤ መዋሸት ምን ይረባኛል?
ስንት መኪና እንዳለፈ የሚያውቀው እግዜር ነው፤
ባዶ ዓምድ ይዞ ለሚመጣ ግን ክፍያውም ባዶ ነው።

እናም ጻፍኩ። ከትናንቱ ላይ ቆንጥሬ ቀነስኩ፣ ቆንጥሬ ጨመርኩ፤
እንዳይጠረጠር፣ አራት መቶ ሳይሆን አራት መቶ አሥራ ሁለት አልኩ።
እርሳሱን ካነሳሁ ላይቀር፣ እጄም እንደሞቀ፣
ከስታዲየም በኩል ዘጠኝ አውቶቡስ ጣል አደረግሁበት፤ ገጹ ደመቀ።

ዓመት ዞረ። መብራቱ ተተከለ፤ ባለ ካሜራ፣ ረጅም፤
ሪባን ተቆረጠለት፤ እኔን የጠራኝ የለም።
ካሜራው ገና አያይም፤ ኬብሉ ጉምሩክ ነው ይባላል፤
እስኪለቀቅ በኔ ወረቀት ያድራል፣ በኔ ወረቀት ይውላል።
ብልህ ነው፣ አልክድም። ጠዋት የሜክሲኮን ሰልፍ ያሳጥራል፣
ማታ የቸርችልን ቁልቁለት ያፍታታል።

ከዘጠኝ እስከ አስር ግን
ከስታዲየም በኩል ያለው አረንጓዴ አልጠፋ ይላል።
ሰማንያ ሰከንድ። ባዶ አስፋልት። አንድ ባዶ ሃይላንድ ይንከባለላል።
በዚህች ከተማ መብራት እንዲጠፋ የሚሳል እኔ ብቻ ነኝ።
ሳጅን ዝናሽ ደረሰኟን ይዛ ከማዶ ቆማለች፤
በቀይ የተሻገረን እግረኛ፣ ዕድሜም ሳትል ትቀጣለች።

«ለማን ነው የቆምነው?» አለችኝ ጎኔ ያለች ሴት፣
የሽንኩርት ፌስታሏ ጣቷን እየቆረጣት፣
«ማንም የለም እኮ!»
ምን ልበላት?

አሉ፣ እህቴ፣ አሉ። እኔ ነኝ የወለድኳቸው፣
በአንድ ሻይ ዕድሜ፣ በእርጥብ እርሳስ ያቆምኳቸው።
ሹፌራቸው አይሳደብም፣ ረዳታቸው መልስ አይደብቅም፤
«ወራጅ አለ!» የሚል የለባቸውም፤ ማንም ከነሱ ወርዶ አያውቅም።
ኩሬ ሲረግጡ እንኳ ቀሚስሽን አይረጩም።

«ትንሽ ነው፤ ታገሺ» አልኳት፣
«ዘጠኝ አውቶቡስ ብቻ ቀርቷል።»

መንገዱን አየች።
እኔን አየች።
ፌስታሉን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች።