ሁለት ገንቦ

እነዋሪ። ሐሙስ። አዳራሹ ሞልቷል፤
የጅሩ ገበሬ ጋቢውን ደራርቧል።
ከላይ የተላከ መነጽራም ጎልማሳ
ስለ አንድ በቆሎ ንግግር አነሣ፦
«አገዳ ቆርቋሪው ገና ሲቀምሰው
ትሉ ነው የሚሞት፤ ርጭት አያሻው፤
ዘረመሉ ውስጥ ነው መድኃኒቱ ያለው።»

ያ ሰንጋ አድላቢ፣ አባቴ ደምሰው፣
ተነሥቶ ሦስት ጣት ለእንግዳው አሳየው።
«አንድ፦ ከምርቴ ላይ ቆንጥሬ ባስቀር
ለከርሞ መልሼ ብዘራው ይበቅላል?
ሁለት፦ ዘሩ የማን ነው? የሸጠኝ ሰው ነገ
‹የኔ ነው› እያለ በሬን ያንኳኳል?
ሦስት፦ አበባው ሄዶ የጎረቤቴን ማሳ ቢነካ
ማን ነው የሚከሰስ፣ እኔ ወይስ ነፋሱ?»

ሳቅ ሆነ። እንግዳው ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤
የመለሰው ነገር በጫጫታው ጠፋ።
አባቴን ግን ሳቁ ሞቅ አድርጎት ቀጠለ፦
«ሰው የነካካው ፍጥረት መርዝ ነው፣
በዚህ ገላ ውስጥ አይዞርም!» አለ።
ቆርቆሮው እስኪርገበገብ ተጨበጨበለት።
እኔ እጄን ጋወኔ ኪስ ከተትኩ።
መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤
በዚያ ገላ ውስጥ ምን እንደሚዞር አውቃለሁ።

ማታ።
ከጓዳው ጥግ ሁለት ገንቦ ተቀምጧል።
አንዱ አፉ በእበት የተለሰነ፣
ያያቴን ስንዴ የያዘ፤
በሰባ ሰባት ድርቅ፣ ልጅ እየተቀበረ፣
እፍኝ ያልተነካለት ዘር።
ሌላው እርጥብ አሸዋ ነው፤
መሐሉ ብልቃጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።
ፍሪጅ የለንም።

መርፌውን ቀድቼ ሆዱን ቆንጠጥ አደረግሁ።
«አባዬ፣ ይሄ ኢንሱሊን ከየት ይመጣል?»
«ከመንግሥት።»
«ድሮ ከበሬና ከአሳማ ቆሽት ይጨመቅ ነበር…»
«ከአሳማ?»
«ድሮ ነው! ዛሬ ዓይን የማያያት ተሐዋስ
የሰው ዘረመል ተከቶላት፣
በትልቅ ጋን፣ እንደ ጠላ እየፈላች ትሠራዋለች።»
«እንግዲያስ የዛሬዋ ትሻላለች» አለ፤
ወዲያው የተናገረው ገባው መሰለኝ፣ ዝም።

ብልቃጡን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አየው።
«ዘጠኝ ዓመት ያኖረችኝን ነው
አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የሰደብኳት?»

አሸነፍኩ ብዬ ነበር።
«የታረሙ ምግቦችም ተመርምረው ነው የሚወጡ፤
እስካሁን በልቶ የታመመ አልተገኘም» ስለው፣
«እሱን ትቻለሁ» አለ። «መርዝ ያልኩት ለጭብጨባ ነው።
ግን ባለፈው ክረምት፣ መንገድ ተዘግቶ
ደብረ ብርሃን መድኃኒት ፍለጋ የቀረሽ ጊዜ፣
ሦስት ቀን ዓይኔ እየፈዘዘ
አስፋልቱን ያየሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል?
ሕይወቴ ሰው መደርደሪያ ላይ ነው።
ለገላዬ እሺ፤ ምርጫም የለኝ።
ማሳዬንም እዚያው ልደርድረው?
የኔ ጥያቄ የሆድ አይደለም ልጄ፣
የገንቦ ነው።»

የምመልሰው አጣሁ። ወጋሁት፤ አላመመውም።

ጎሕ ሲቀድ ብነቃ አባቴ ጓዳ ነው፤
የብልቃጡን አሸዋ ውሃ አጠጥቶታል፣
የስንዴውን አፍ ባዲስ እበት ለስኖታል።
«ሐሙስ ያ ልጅ ይመጣል?» አለኝ ሳይዞር፤
አንድ እጁ እርጥብ፣ አንድ እጁ እበት፣
አራተኛ ጣት ቀስሮ።