ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ

አቶ ሀመሶ ሊሸጡ፣ እኔ ቤት ልገዛ፣
በአንድ ቀን ተስማማን ከአቮካዶው ታዛ።
ሁለት ክፍል፣ ጓሮ፣ ዝገት የበላው በር፣
ሐይቁ ባይታይም ሽታው ግን የማይቀር።
«ሁለት ወር ቢበዛ» አለችኝ የባንኳ ልጅ፣
ቁልፉን የጨበጠ መሰለኝ የኔ እጅ።

ካርታ ከነፕላኑ፣ የግብር ደረሰኝ፤
ባል እንደሌለኝም ቀበሌ ጻፈልኝ።
መጣ መሐንዲሱ ከሦስት ሳምንት ኋላ፣
ግድግዳ አንኳኩቶ አቮካዶ በላ፤
ግምቱን እስኪጽፍ ድረስ ሌላ ወር ፈጀ፣
የደመወዝ ደብዳቤዬ ቀኑ አልፎት አረጀ።
ፋይሌ አዲስ አበባ ሄደ እኔን ጥሎ፣
ተመለሰ በወሩ ቀይ መስመር አዝሎ፦

«የሻጩ ስም በካርታው በሃሌታው ሀ፣
በመታወቂያው ደግሞ በሐመሩ ሐ፤
ሁለት ሰው ይሆናል፣ ይጣራ» ይላል ታች፤
ሳቄ ገና ሳይወጣ እንባዬ ቀደመች።
ከተማዋ ራሷ አዋሳም ሐዋሳም ናት፣
በስሟ ምክንያት ብድር ማን ከለከላት?

መሬት አስተዳደር፣ «ሲስተም የለም ዛሬ»፤
ማክሰኞም ስብሰባ፤ ተመለስኩ በእግሬ።
ፈራሚውን ብጠይቅ፣ «አቶ ይቆየኝ ነው»፤
እናቱ ሲሰይሙት ቢሮው ታይቷቸው ነው?
እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረ፤
«ማን ፈረመ?» እንዳይባል ሁሉም ተሰወረ፣
አንዱ ፊርማ ካንዱ ፊርማ ጀርባ አደረ።

አሞራ ገደል ወርጄ
አንድ አባ ኮዳ አየሁ፣
በአንድ እግሩ የቆመ፣ የዓሣ አንጀት የሚጠብቅ።
ተወረወረለት። በላ። ሄደ።
ማንም ስሙን አልጠየቀው።

ጥሬ ብሩን ቋጥሮ ሌላ ገዢ መጣ፤
«ቃሌን ሰጥቻለሁ» ሲሉት ተቆጥቶ ወጣ።

በዘጠነኛው ወር፣ ውል ለመዋዋል፣
ከቴምብሩ ሠልፍ ጠዋቱ አልቋል፤
ጸሐፊዋ እስክሪብቶ ለሽማግሌው ሰጠች፣
«እዚህ ጋ፣ ስምዎን» ብላ ጠበቀች።
እስክሪብቶውን አዩት፣ መለሱት በቀስታ፦
«ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ፣ ይቅርታ።»

አውራ ጣት ነከሩ በሰማያዊ ቀለም፤
ሃሌታም አይደለም፣ ሐመሩም አይደለም፤
ከአንዲት ትንፋሽ በላይ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ቁልፉን ሲሰጡኝ ጣታቸው ገና እርጥብ ነበር።
ዛሬም ቁልፌ ላይ አለ
ያ ሰማያዊ።