የመንስኤ መስመር

ቅጹ ላይ መስመር አለ፣ «መንስኤ» የሚል፣
ርዝመቱ አንድ ስንዝር፣ አራት ቃል የሚችል።
«በውኃ ወረፋ ጠብ» ብዬ ሞላሁበት፣
ኢንስፔክተሩ አይቶ ማኅተም መታበት።
ቢጫው ጄሪካንም፣ ክዳኑ የጠፋ፣
ኤግዚቢት ተብሎ ከጥግ ተደፋ።

መቺው ምትኩ ነው፤ ተመቺው ደገፉ፤
ቦታው ቦሌ አራብሳ፣ የቦኖው ደጃፉ።

ስንዝሩ አልበቃም ለሦስት ወር ደሞዝ፣
ስልኩን ለዘጋበት ኮንትራክተር መዘዝ፣
አከራይ ደረጃ ላይ ለጣለው ፍራሹ፣
ለአባቱ ቀበቶ፣ ለዝምታ ምላሹ።
(ሰባት ዓመቱ ነበር። «ወንድ አያለቅስም» አሉት።
አላለቀሰም።)

በዘጠነኛው ቀን ውኃ መጣ ሲባል፣
ምትኩ በሌሎች ምትክ ደገፉን መትቶታል።
«በለው!» ያለም ነበር፤ ስሙን አልጠየቅን፣
ተራው ደርሶት ቀድቶ ወደ ቤቱ ሄደ አሉን።

የደገፉ ቀኝ ጆሮ ዛሬም አይሰማ፣
ዘነቡ በግራው ዞራ ታወራለች በጨለማ።
ስንቅ የምታመላልስ የምትኩ እኅት ናት፤
ቦኖው ሰልፍ ላይ ማንም ተራ አይሰጣት።

ትናንት ከሥራ ስገባ፣ ከብሎኩ ሥር፣
ልጆች ባዶ ሃይላንድ ይዘው ተሰልፈዋል።
ጨዋታው ገባኝ።
ደገፉን የሚሆን ጠፍቶ ዕጣ ይጣጣላሉ።

የእኔ ልጅ ዕጣ አልነካም።
ፈቀቅ ብሎ ቆሟል፣
ምትኩን ሆኖ፣
ክንዱን ያሟሙቃል።