የአንጓች አንጓ

እትዬ አንጓች መጣች፣ ግራ እጇን ታቅፋ፣
ካንገቷ ባሰረችው ነጠላ ደግፋ።
«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።
«ምን እሆናለሁ ልጄ፣ ሽምብጥ ዳር ቁጭ ብዬ
አሳ ስገፍፍ ውዬ፣
ልነሳ ስል ጊዜ ድንጋዩ አሟልጮኝ
መዳፌን ብደገፍ፣ ቀጭ ብሎ ጉድ አረገኝ።
አልወደቅሁም እኮ!
ከዚህ የባሰ ስንቴ ወድቄ፣ አራግፌ ተነስቻለሁ።»

ክፍሉን አጨለምኩት፣ ፊልሙን ሰቀልኩት፤
ሊነጣ የሚገባውን ግራጫ ሆኖ አገኘሁት።
ጉም ነው የሚመስለው፣ በነሐሴ ማለዳ
ከደብረ ማርያም በኩል በውሃው ላይ የሚነዳ፤
አጥንት አይሉት ነገር፣ የአጥንት ትዝታ፣
እንደ አሮጌ ወንፊት የሳሳ ቦታ ቦታ።

አባቴ ወጌሻ ነበር፣ አቸፈር። ፊልም አያውቅ፣ መብራት የለው፤
ቅቤ ቀብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ነበር የሚያነበው።
«ይኼ የዳጉሳ አጥንት ነው» ይላል፣ ደስ ሲለው፣
«ይኼ ደግሞ የከተማ፤ እንደ ደንገል፣ ውስጡ አየር ነው።»
እኔም እስቅ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ «ካልሲየም» የሚል ቃል ተምሬ
አባቴን ላርም ተመለስኩ፣ ደብተሬን ይዤ ወደ አገሬ።
ለካ ደብተሩም የሚለው እሱ ያለውን ነው።

«እትዬ አንጓች፣ እቁብ ትጥያለሽ?»
«የአሳ ሻጮቹን! ጸሐፊዋስ ማን ሆነና?»
«እንግዲያ ስሚኝማ፤
አጥንትሽም እቁብ ነው። በልጅነት የጣልሽው ነው እስከዛሬ ያቆመሽ፤
ልብሽ፣ ደምሽ፣ ጡንቻሽ በየቀኑ ያወጣሉ ከጓዳሽ።
አንቺ መጣል ብታቆሚ፣ እነሱ መውሰድ አያቆሙም፤
ልብ ነው ባለዕጣው፣ ‹የለም› ቢሉት አይሰማም።
ስድስት ልጅ አጥብተሻል፤
ስድስቱም በእግራቸው የቆሙት ካንቺ ላይ ቆንጥረው ነው።»

ዝም አለች፤ ኋላም ሳቀች።
«ዳኛም እኔ፣ ጣይም እኔ፣
የተበላሁት በገዛ ጎኔ!»

ምን እንደምትበላ ጠየቅኋት።
ማኛ ጤፍ ነው፣ ነጩ፤ ዳጉሳማ ለአረቄ ነው፣
ከተማ ገብቶ ጥቁር እንጀራ ማን ያቀርባል፣ ሰው እያየው?
ወተት? «ለልጅ ልጆች። እኔ እንግዲህ አላድግ።»
ጎመን? ዝም።
የአሳው ሥጋ ለሆቴል ይሄዳል፤
አከርካሪው ከነጭንቅላቱ ለፔሊካን ይወረወራል።
«እነሱ አጥንቱን ውጠው ከደሴት ደሴት ይበራሉ» አለች፣
«እኔን ድንጋይ ያሟልጨኛል።»

እኔም ተናገርኩ፣ አበዛሁት መሰለኝ፤
ስለ ዳጉሳ ቂጣ፣ ስለ እርጎ፣ በጾም ጊዜ ስለ ሰሊጥና ጎመን፣
ትንንሹን አሳ ከነአጥንቱ እስኪልም ስለመቀቀል፣
ስለ ጠዋት ፀሐይ፣ እጅጌን ሰብስቦ ስለመሞቅ።
አቋረጠችኝ። «ሐኪም ነህ እንዴ?»
«አይደለሁም። ፎቶ አንሺ ነኝ፣ የአጥንት።»
«ታዲያ ይህን ያህል ምን አስለፈለፈህ?»

የእናቴን ዳሌ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በዚሁ ክፍል።
ፊልሙ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።
ይህን አልነገርኳትም።

ጀሶ አለበሷት፣ እስከ ክርኗ ድረስ፤
ከውስጥ የጎደላትን ከውጪ እንደ መልበስ።

በወሩ ሽምብጥ ሄድኩ፤ አሳ ልገዛ፣ ሰበብ ነው እንጂ።
በብረት ድስት ትንንሽ አሳ ከነአከርካሪው ይንተከተካል፣
ሎሚ ተጨምቆበታል፤ ጎኑ ዳጉሳ ቂጣ።
አንድ ፔሊካን እንደ ባለዕዳ ጠባቂ ገትሮ ቆሟል፣
ከረጢቱን አንጠልጥሎ።
«ሂድ!» ትለዋለች፣ በጀሶው እጇ እያስፈራራች፣
«ዛሬ ዕጣው የኔ ነው!»

ጠጋ ብዬ ጀሶውን አየሁ። በእስክርቢቶ ተጽፎበታል፣
በተጣመመ ፊደል፣ እቁብ ያልጣሉት ሰዎች ስም፦
ጥጋቡ፣ ሰውነት፣ የመርከቡ ዘበኛ፣ የዝና።
ከሁሉ በላይ ግን፣ ከነሱ ሁሉ ቀድሞ፣
ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣
አንጓች።