ስምንትን ስዘል

አጂፕ፣ ከቀለም ሱቁ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ድምፄ እስኪደበቅ፣
የኔ ሥራ መቁጠር ነው።
ብረቱን ሌላ ሰው ያነሳል፤ ሌላ ይከሳል፣ ሌላ ይወፍራል፣
የኔ ድርሻ አንዲት ቃል ናት፤ ሰባቱ ሰባት ይባላል።

ግድግዳው ላይ ወረቀት አለ፣ ባለቤቱ የለጠፈው፣
«ለአሰልጣኝ ጉርሻ መስጠት ክልክል ነው» የሚለው።
ፕላስተሩ በላብ እንፋሎት ለቆ፣ አንዱ ጥግ ተንጠልጥሎ፣
«ክልክል ነው» የሚለው ጠፍቷል፣ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ።
ባልደረባዬ ሙራድ ያን እያየ ይስቃል፣
«ሲሾም ያልበላ…» ብሎ ቀሪውን በዓይኑ ይጨርሳል።

መጀመሪያ አቶ ታምሬ ነበሩ፣
ሁለት ስካቫተር የሚያከራዩ፣ በወገባቸው የተቸገሩ።
ሲወጡ ጨበጡኝ፤ መዳፌ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፣
አራቴ የታጠፈ ሁለት መቶ። የኪራይ ሐሳቤ ለአንድ ቀን ሸሸ።
በሳምንቱም ደገሙ።
በሳምንቱም።
ሰጡኝ እንጂ መች ለመንኩ፤ መች ዘረጋሁ እጄን?
ደሞዝ እንደሁ በአስራ አምስት ቀኑ ጥሎ ይሄዳል ደጄን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታዲያ፣ ሰባተኛው ላይ ክንዳቸው ራደ፣
ዓይናቸው በመስታወቱ ውስጥ ወደ እኔ ወረደ፤
ልመና አይደለም፣ ቁጣም አይደለም፣
ደረሰኝ እንደሚጠይቅ ሰው ነው፤ ሌላ ነገር የለም።
እኔም «ዘጠኝ!» አልኩ።
ስምንትን ዘለልኩ።
«አስር! ጎበዝ፣ ጋሼ!»

ማንም አልሞተም። ብረቱ ቦታው ተመለሰ፣
ዝናቡም እንደ ልማዱ አባርቶ እንደገና ፈሰሰ።
ግን ያቺ ስምንት የት ሄደች? አዌቱ ወንዝ ገባች?
ማታ ስተኛ ትራሴ ሥር እንደ ጠጠር ቆረቆረች።
ለካ ጉርሻ ስሙ ራሱ ነግሮን ነበር፤
አፍ ነው የሚሞላው። አፉ የሞላ ሰው አይችልም መቁጠር።

እታለም ዙበይዳ ደግሞ፣ መርካቶ በር ላይ ልብስ ሰፊዋ፣
በረመዳን ማግሥት ነው የከዳት ያ ቀኝ እጇ።
ሐኪሙ «አንቀሳቅሽው» ብሎ ነው ወደ እኔ የላካት፣
ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አስይዤ፣ ከአንድ ያስጀመርኳት።
አንድ ለማለት ሳምንት ፈጀን።
ሁለት ለማለት ወር።
ስታለቅስ አልጨመርኩላት፤ ስትሰድበኝ አልቀነስኩ፣
እንደ ሚዛን ድንጋይ ደርቄ፣ እዚያው ቁጥሩ ላይ ቆምኩ።

ዛሬ ጥቁር ፌስታል ይዛ መጣች፣ ደረጃውን ብቻዋን ወጥታ፣
ውስጡ ሸሚዝ ነው፣ ሰማያዊ፣ በዚያው በቀኝ እጇ ሰፍታ።
የግራው እጅጌ ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ያጥራል፣
የአንገቱ ቁልፍ የራሱን ቀዳዳ ስቶ የጎረቤቱን ያንኳኳል።
«እንደ ሰው ልብስ አይደለም» አለች፤ «ግን ቆጥሬ ነው የሰፋሁት፤
መርፌዋ በወጋች ቁጥር፣ ቁጥሩን እንደ አንተ ጮክ ብዬ ጠራሁት።»

ወረቀቱን አየሁ።
ሙራድን አየሁ።
ያን እጅ አየሁ።
ባልቀበላት፣ ያ እጅ ተዘርግቶ ባዶውን ይታጠፋል ወይ?
ብቀበላት፣ ነገ «ደከመኝ» ስትል፣ ሸሚዙ ደረቴ ላይ ዝም ይላል ወይ?

ለበስኩት።
«በይ ነይ» አልኳት፣ «አስር አለብሽ»፤ ፕላስቲኩን አነሳች።
ሰባት ላይ ክንዷ ራደ። በመስታወቱ አየችኝ፣ አንገቷን ሰበረች።
ሰማያዊው ሸሚዝ ብብቴ ሥር ጠበበኝ።
አፌን ዘጋሁ። ጠበቅኩ። ዝናቡ ጠበቀኝ።
ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በጥርሷ መሐል፣
«ስምንት» አለች፣ ራሷ፣
እየተንቀጠቀጠ ከፍ አለ ክንዷ።

ነገ ማክሰኞ ነው። አቶ ታምሬ ይመጣሉ።
እጃቸውን ሲዘረጉ እጄ ምን እንደሚል አላውቅም፤
ጀግና ነኝ አልልም፣ የቤት ኪራይ ጀግና አያውቅም።
ሸሚዙን ግን እለብሳለሁ።
ማታ ገልብጬ አየሁት፤ ኪስ የለውም።
ረስታው ይሁን አውቃ፣
አልጠየቅኋትም።